የአክስቴ ተጨማሪ ማንኪያ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በአክስቴ አልጋ ሥር ያስቀመጥኳቸውን አሥራ ሁለት የጠላ ጠርሙሶች ለማየት ጎንበስ አልኩና፣ ለመፈተሻ ብዬ አብሬ የሞላሁትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጫን አደረግኩት። ድንጋይ ሆኗል። ቂጡ አብጦ መቆም አቅቶታል።

ብርጭቆ ምስጢር ይጠብቃል፤ ፕላስቲክ ግን ጋዙ ሲበዛ ያሳብቃል። ጠላ በጠርሙስ ማሸግ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ስለነበር፣ በታሸገ በሦስተኛው ቀን ፕላስቲኩ ገና ለጣቴ እጅ መስጠት እንዳለበት አውቃለሁ።

"እቴቴ፣ እኔ ከለካሁት ሌላ ስኳር ጨምረሻል እንዴ?"

አክስቴ ጌሾ መልቀሟን ሳታቆም ሳቀች። "አንድ አንድ ማንኪያ ብቻ። ማንኪያው ላይ የተቆለለውን በቢላ ጠርገሽ ስትመልሺ አይቼ አፈርኩልሽ። ለእንግዳ እንዲህ ይሰሰታል?"

"ስስት አይደለም፤ ልኩ ነው።"

"ልክ የሚያውቀው እጅ ነው፣ የኔ ምሁር!"

እውነቷን ነው፤ ውቤ በረሃ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠምቅ እጇ አሳፍሯት አያውቅም። ግን ጋን ይተነፍሳል። ቆርኪ የተመታበት ጠርሙስ አይተነፍስም።

"ሊፈነዳ ይችላል" አልኳት።

"ይፈንዳ! የአራዳ ጠላ ሳይፈነዳ?" ካለች በኋላ እጇ ቆመ። አልጋውን አየችው። "እኔ እኮ እላዩ ላይ ነው የተኛሁት!"

ፒያሳ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ሴትዮ "እንደ ቢራ አረፋ ይዞ ከመጣ ለደንበኞቼ አቀርበዋለሁ፤ እሑድ ጠዋት አምጪና ልየው" ብለውኝ ነበር። ያን ለመጠየቅ እያፈርኩ በራቸውን አራት ጊዜ አልፌ ተመልሻለሁ። እንደገና ሄጄ "አልደረሰም" የምልበት አፍ አልነበረኝም።

መፍትሔው ግን ይታወቀኝ ነበር። ጋዝ ቅዝቃዜ ሲያገኝ ይረጋል። የአክስቴን ካፖርት ለብሼ፣ መነጽር አድርጌ፣ ጠርሙሶቹን በእርጥብ ብርድ ልብስ እየያዝኩ ፍሪጅ ውስጥ ደረደርኳቸው። ቲማቲሙና ሥጋው ጎረቤት ተሰደዱ። አመሻሽ ላይ አንድ በአንድ እያወጣሁ ቆርኪውን በመክፈቻ ጠርዙን ብቻ ቀና አደረግኩ፤ አረፋው አንገቱ ጋ ሲደርስ መልሼ ተጫንኩት። ሦስት ሦስት ጊዜ። ከዚያ አዲስ ቆርኪ መታሁ።

"ተነፈሰ?" ትላለች አክስቴ ከበሩ ውጭ ሆና።

"ተነፈሰ።"

"ይቅር በለኝ በይው!"

አንዱ አላስችል ብሎት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አሥራ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ "እኔ ልውሰደው፣ አንቺ ትሽኮረመሚያለሽ" ብትለኝም ሳጥኑን ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ሴትዮዋ ገና ባንኮኒያቸውን እየወለወሉ ነበር።

"ዓይነ አፋሯ! መጣሽ?"

"መጣሁ፣ እትዬ። አንዱን እዚሁ ልክፈትልዎት?"

ከፈትኩ። ቲስ አለ። አረፋው ቀስ ብሎ ወጣ፣ አንገቱ ላይ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ቀዳሁ። እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ብርጭቆውን አልሰጠኋቸውም። በእኛ ቤት ጠላ ያቀረበ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። በሰው ፊት ጠጥቼ አላውቅም፤ ሁለት አስተናጋጆች ቆመው ያዩኛል። ብርጭቆውን አነሳሁና እስከ ግማሽ ጠጣሁ፤ ከዚያ እስከ አፉ ሞልቼ ሰጠኋቸው።