አቶ ዘርዓብሩክ ዛሬ አርፈዋል

የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ዘርዓብሩክ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ይወጡና ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ቆመው ጡሩምባቸውን ይለቁታል። ከዚያ በሻካራ ድምፃቸው የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ይናገራሉ። ሰው አልጋው ውስጥ ሆኖ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይሰማል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዕድር ስለሆንን ቀብሩ አንዴ መቃብረ ሙስሊም ነው፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን፤ እሳቸው ግን ለማንም አያዳሉም፣ ለሁሉም እኩል ነው የሚጮሁለት።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ማራኪ፤ አግብታ አስኮ ትኖራለች። ወሯ ገብቷል። ደም ግፊቷ አልወርድ ስላለ ሐኪሙ "ምንም ነገር እንዳያስደነግጥሽ" ብሎ አስጠንቅቋታል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማን ነገረን? እሳቸው ናቸዋ! የሚለፍፉት የሞት ወሬ ብቻ አይደለም።

ስልካቸው ያቺ ባለ ቁልፏ ናት። ሂሳብ ሲያልቅባቸው፣ መቼም ሁሌ እንዳለቀባቸው ነው፣ "ደውሉልኝ" የምትለዋን ነፃ መልእክት ይልካሉ። ከዚያ ሌላ መልእክት መላክ አይችሉም፤ ላስተምርዎ የሚላቸውንም ይቆጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሲሃም የምትባል ወጣት የዕድራችን ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ ለሁላችንም በአንዴ መልእክት ትልካለች። በሽማግሌዎቹ ስልክ የአማርኛ ፊደል ሳጥን ሳጥን እየሆነ ስለሚመጣ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው። እየተንተባተብኩ አነበብኩት።

"አቶ ዘርዓብሩክ ዛሬ አርፈዋል። ማስታወቂያ በስልክ ይደርሳችኋል።"

ክው ብዬ ቀረሁ። ትናንት ከትናንት በስቲያ ሰላም ተባብለን! ደግሞ ያንገበገበኝ ሁለተኛው መስመር ነው። ሰውዬው ገና ሳይቀበሩ በስልክ ተተኩ ማለት ነው? ይቺ ልጅ ልብ የላትም እያልኩ፣ ሰልፌን ጥዬ እያለከለክኩ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ።

ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ሽኩር ድንኳን አሸክመው መጥተዋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልፊያ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይንሰቀሰቃሉ። የቤቱ በር ግን ዝግ ነው። ሁሉም ሬሳው ጋ ሌላ ሰው ያለ መስሎታል፤ ገብቶ ያየ የለም። የሁላችንም ጭንቀት ማራኪ ነበረች።

"ማን ያርዳት? እንዴትስ ተደርጎ?" አልኩ።

"መጀመሪያ ባሏን ለብቻው እንጠራዋለን" አሉ አቶ ሽኩር። "ሐኪሟን እናማክራለን። ከዚያ ቀስ ብለን ነው። በዚህ ሆዷ ድንገት ከሰማች ሁለቱንም ነው የምናጣቸው።"

ሁላችንም ተስማማን። በዚህ መሀል የቤቱ በር ተከፈተ።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። አገጫቸው በነጭ ጨርቅ ወደ አናታቸው ታስሯል፣ አፋቸው ጥጥ ጎርሷል። ሬሳ እንዲህ ተደርጎ ነው የሚገነዘው። እሪታው ሰፈሩን አናወጠው። ወይዘሮ አልፊያ እዚያው ዘፍ አሉ። እኔም፣ ወንድ ነኝ ባዩ፣ የያዝኩትን የድንኳን ብረት ጥዬ ወደ አጥሩ ፈረጠጥኩ።

"ማን ሞተ?" አሉ በጥጡ መሀል። ድንኳኑን ሲያዩ ቱግ አሉ። "ሰው ሞቶ ለእኔ ሳይነገር ድንኳን ይተከላል?"

"እርስዎ ነዎት የሞቱት" አላቸው ጎረቤታቸው አምላኩ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባን። ዋዜማውን ጥርሳቸውን ተነቅለው ፊታቸው አብጧል። ጡሩምባ መንፋት ስላልቻሉ ለሲሃም "ዛሬ ልረፍ፣ ማስታወቂያውን በስልክሽ አድርሺልኝ" ብለዋታል። እሷም ያሉትን ጻፈች።

"እርስዎ አይደሉ ልረፍ ያሉኝ?" አለች እሪታውን ሰምታ ሮጣ የመጣችው ሲሃም፣ እንባዋ እየወረደ። "እኔ እኮ አክብሬ ነው አርፈዋል ያልኩት!"

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ ግቢው በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ያልሳቀ አምላኩ ብቻ ነበር።

"እኔ … ለማራኪ ልኬላታለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"መልእክቱን። ነፍስ ይማር ጨምሬ።"

ሰው የአባትን ሞት በስልክ ያረዳል? መርዶ እኮ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚነገረው! ጋሽ ዘርዓብሩክ ግድግዳውን ተደገፉ።

ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ደወልን። መስመሯ ተይዟል። እንደገና፣ አሁንም ተይዟል። ለካ የያዝነው እኛው ራሳችን ነን፣ ሁላችን በአንዴ እየደወልን። "አቁሙ!" ብለው አቶ ሽኩር ጮኹ። ሁላችንም ዘጋን። ያኔ ነው ጋሽ ዘርዓብሩክ ስልካቸውን አውጥተው ቁልፎቹን ሲጫኑ ያየናቸው።

"ጋሼ፣ አይላኩ!" አለች ሲሃም። "ከእርስዎ ስልክ ደውሉልኝ የሚል ከደረሳት የባሰ ትደነግጣለች!"

ተልኳል። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቁት።

"ማነህ አንተ፣ በአባቴ ስልክ?" አለች ማራኪ።

"እኔ ነኝ" አሉ፣ በጥጡ መሀል።

"ውሸትህን ነው! የአባቴ ድምፅ እንዲህ አይደለም!"

ጥጡን መንጭቀው ጣሉት። ደም በአገጫቸው ላይ ወረደ።

"ማራዬ፣ አለሁ። ጥርሴን ተነቅዬ ነው እንጂ አለሁ። ተቀምጠሻል? ቁጭ በይ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ።"

ከዚያ ለቅሶዋ መጣ። ግቢው ሙሉ እየሰማናት ነው፤ እሷ ግን አላወቀችም።

"አባዬ፣ ደውይልኝ እያልክ ስትልክልኝ ከረምክ አይደል? አይቼዋለሁ። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል … አሁን ሞቷል ሲሉኝ ስልኬን ከፍቼ እሱን ነበር የማየው። ምን ልትለኝ ነበር?"

"ኧረ ምንም" አሉ። ደሙን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው ሊቀልዱባት ሞከሩ። "ለካ ስሞት ነው የምትደውይልኝ!"

ግቢውን ሞልተን ቆመን፣ አንዳችንም አልሳቅንም።