ለመሙ እጅ የሚነሳው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ማዶ ባደግኩባት በኬኔሶ ከተማ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ጎን ፓርክ ሳደርግ በፀሐይ የጋለ የመሮጫ መም ሸተተኝ። በአስራ አራት ዓመቴ መቶ ሜትር ያሠለጠነኝ ጃፓናዊ እዚያው ቆሟል። የቀድሞ ሯጭ ነው፤ መሙ ላይ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል።

ያኔ ቦርጫሙ አጎቴ ከልምምድ ሊወስደኝ መጣና፣ «የኢትዮጵያን ልጅ ጃፓን ሩጫ ሊያስተምር? መቶ ሜትር የሌባ ሩጫ ነው፤ የእኛ አስር ሺ ነው! በል ንገረው!» አለኝ።

እየሳቅኩ ተረጎምኩለት። አሠልጣኙ ለአጎቴም እጅ ነሳ።

«አየህ? አመነ!» አለ አጎቴ፣ ክንዴን እየጎተተ። ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምድ አልተመለስኩም።

ሰውዬው አሁን ሸብቶም ለባዶው መም እጅ ይነሳል። አጎቴ እስከ ዛሬ በየሰርጉ ጃፓኑን እንዴት እንዳሳመነው ያወራል። እኔ ደግሞ ያንን አስር ሺ አንድም ቀን ሮጬው አላውቅም።