ሙቷን የገሠጹት እናት

ድሮ በቴሌቪዥን በተከታታይ ያየነው ድራማ እንደ አዲስ፣ አስፈሪ ፊልም ሆኖ ተሠርቶ ወደ ከተማችን ሶዶ ቪዲዮ ቤት መጣ። በጉጉት ስጠብቀው ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ ግን፣ «የድሮው ይሻላል! አሁን ደግሞ መብራቱ ይጠፋል፣ ጠብቁ!» እያለ አላሳይ አለን። ዝም በል ልለው አሰብኩና፣ ቢቆጣስ ብዬ ተውኩት።

በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሙት ልጅ ከቁም ሳጥን ስትወጣ ከጎኔ የነበሩ እናት ብድግ አሉ። እንዴት ያለ ድፍረት፣ እንዴት ያለ ድምፅ! እጃቸውን በጎረምሳው አናት ላይ አሳልፈው ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉና፣

«አንተ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» አሉ።

«አንቺ» ለማለት ፈልገው ይመስለኛል፤ በእኛ ከተማ አማርኛ ይህ ብዙ ጊዜ ይደባለቃል።

ጎረምሳው ኮፍያውን አነሣ።

«እሺ እማማ፣ ወጣሁ» አለና ወጣ።