ግድግዳው ላይ የቀረው የኖራ ሂሳብ

«በርሜል ውስጥ ያልጠገበ ኖራ ግድግዳ ላይ ይፈነዳል» ይል ነበር አባቴ። ልጅ ሳለሁ ይህችን አባባል ያልሰማሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ኖራ ቀቢ ነበር። ጥሬ ኖራ ውሃውን ጠጥቶ ሳይጠግብ ከተቀባ፣ ያልበሰለችው ፍሬ ከወራት በኋላ እርጥበት ስታገኝ ታብጥና ቅርፊቱን ይዛ ትወድቃለች። አባቴ ግን ለኖራ ብቻ አይለውም፤ ለተጣላ ጎረቤትም፣ ላልተለቀሰ ሐዘንም ይለው ነበር።

ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። እናቴ እኔ አራት ዓመት ሲሆነኝ ዐረፈች፤ ነፍሷን ይማር። የቀረነው አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሴና እኔ ነን። ደምሴ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበር።

እኔ ተረት የሰማሁት እሳት ዳር አይደለም። አባቴ ጥሬ ኖራ ሲያመጣ ጓሮ ባለው ግማሽ በርሜል ውስጥ ይደረድርና ውሃ ያፈስበታል። ድንጋዩ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ይንጫጫል፣ ያለ እሳት ይንተከተካል፣ እንፋሎቱም እንደ ጭስ ወደ ባሕር ዛፎቹ ይወጣል። መፈንጠቁን ሲያቆም አባቴ በጆንያ ይሸፍነዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ምሽት ሦስታችንም ለበርሜሉ ጀርባችንን ሰጥተን እንሞቅ ነበር። ፋኖሱ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ፣ ያኔ ደምሴ ተረቱን ይጀምራል።

የደምሴ ተረት ጅብና አህያ የለበትም። ቀን የተማረውን ኬሚስትሪ ነበር ለእኔ እንዲገባኝ ወደ ሰው የሚለውጠው።

«ኦክስጅን የምትባል እናት ነበረች፤ ክብደቷ አስራ ስድስት። ሃይድሮጅን ደግሞ ሕፃን ነው፤ ክብደቱ አንድ። ውሃ ማለት መንታ ያዘለች እናት ናት። በል፣ ከነልጆቿ ስንት ትመዝናለች?»

«አስራ ስምንት!»

«ጎበዝ፣ የኖራ ጆንያ! ሞላር ማስ ማለት ይኸው ነው።»

ከአንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ አንዷን ቅንጣት ለይቶ በሚዛን የሚያነሳ ሰው የለም፣ ስለዚህ እንደ ደርዘን ይቋጥሯቸዋል፣ ቋጠሮው ሞል ይባላል፣ ቁጥሩ ግን ሰው ቆጥሮ የማይጨርሰው ነው አለኝ። አንድ ቋጠሮ ውሃ አስራ ስምንት ግራም ነው።

አባቴ ከጋቢው ውስጥ ይስቃል። «እኔ ኖራ የምገዛው በኩንታል ነው። መንታ አሳዝሎ የሚሸጥልኝ ነጋዴ እስካሁን አላገኘሁም።»

«አባዬ፣ እርስዎ ደግሞ!» ይላል ደምሴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የእያንዳንዱን ክብደት ትይዛለህ፣ በስንትነታቸው ታባዛለህ፣ ትደምራለህ። በቃ። ዋናው ማንንም አለመርሳት ነው።»

አንድ ክረምት እንደወጣ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን ጠራው። አባቴ ሁለት ቀን ደጅ ጠና፣ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲል በዋዜማው ደምሴ ከሰል አንስቶ አዲስ በቀባነው የደጅ ግድግዳ ላይ ጻፈልኝ። ካልሲየምን ከፊት አደረገ፣ ቀጥሎ ቅንፍ ከፍቶ ኦክስጅንንና ሃይድሮጅንን አስገባ፣ ቅንፉን ዘጋ፣ ከቅንፉ ውጭ ከታች ትንሽ ሁለት ቁጥር አቆመ።

«ይሄ የአባባ የጠገበ ኖራ ነው» አለኝ። «ካልሲየም አርባ ይመዝናል፤ የሌሎቹን ታውቃለህ። ሞላር ማሱን አግኝና ጠብቀኝ።»

«አሁን ልንገርህ?»

«አሁን አይደለም። ስመጣ።»

አባቴ ያን ሌሊት አልተኛም፤ ማለዳ ተያይዘው ሲወጡ ግን እኔ ተኝቼ ነበር። ሳልሰናበተው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። አባቴ ኖራ ሲያበስል በርሜሉ እንደ ድሮው ይሞቃል፤ ሁለታችንም ጀርባችንን እንሰጠዋለን፣ ተረት የሚጀምር ግን የለም። እኔ በልቤ ሂሳቡን እሠራለሁ። አርባ አለ። እናት አንድ፣ አስራ ስድስት። ሁለቱ ቁጥር ከልጁ ቀጥሎ ነው የቆመው፤ እንግዲህ እንደ ውሃው መንታ ናቸው አልኩ፣ ሁለት። እኛም ቤት እናት አንድ፣ ልጅ ሁለት ነበርን፤ ሌላ መንገድ እንዳለ አላሰብኩም። ሃምሳ ስምንት።

የእረፍት ፈቃድ አግኝቶ የመጣ አንድ የሰፈራችን ወታደር ደምሴ ወዳለበት ወደ ሰሜን ሲመለስ በደብተሬ ቅዳጅ ላይ ጽፌ ሰጠሁት። «ደምሴ፣ ሃምሳ ስምንት ነው። ልክ ነኝ አይደል? ልክ ከሆንኩ ና።» ሌላ የጻፍኩት የለም። የልጅ ነገር ነው፤ መልሱ ልክ ከሆነ የሚለቁት መስሎኝ ነበር። ዘወትር ጠዋት ቁስቋም ማርያም ደጅ ቆሜ ስለ ወንድሜ ስጸልይ ሃምሳ ስምንትንም አብሬ እነግራት ነበር።

መልስ አልመጣም። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ኖራው ዓይኑን ስለጎዳው ብሩሹን እኔ ያዝኩ፤ ትምህርቴ እዚያው ላይ ቆመ። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ቤታችንን እንቀባለን። አባቴ በዳበሳ ደጁ ድረስ ይመጣና፣ «እዚያችን እንዳትነካ» ይለኛል። የከሰሉን ጽሕፈት ዙሪያውን እየዞርኩ እቀባለሁ። ግድግዳው በየዓመቱ ይነጣል፤ ያቺ ቦታ ግን እየጠቆረች፣ ሳይታረስ እንደከረመ ዕዳሪ መሬት መሐሉ ላይ ቀረች። ሰፈርተኛው «የጅሎቹ ኖራ ቀቢዎች ቤት» ይለን ነበር፤ የሰው ቤት አንጽተው የራሳቸውን የሚያቆሽሹ ማለታቸው ነው።

አሁን እኔም ሽበት አውጥቻለሁ። ኬሚስትሪ የማውቀው ያቺኑ የበርሜል ዳሯን ነው። ሰው ስለ ሙታን ሲያስቀድስ ስም ሲዘረዝር ስሰማ ግን የደምሴ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ዋናው ማንንም አለመርሳት ነው ይለኛል። እጄ በኖራ ተሰነጣጥቋል፣ ብርድ ሲሆን ጀርባዬ ያን ሙቀት ይፈልጋል። ከልጅነቴ የቀረልኝ ይኸው ነው። ይኸውና የአንድ ሰው ቃል።

ሰውየው የመጣው ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሩ ሁሉ በየመንገዱ በተበተነበት ሰሞን ነው። ቀጭን፣ አንድ እግሩን የሚጎትት፣ አይቼው የማላውቀው ሰው። ብቻውን ነበር። በኋላ ገብቶ ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጦ ደምሴን የት እንደቀበሩት ነገረን፣ አባቴም ለስንት ዓመት የያዘውን ለቅሶ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ደጃችን ቆሞ፣ ሰላም ሳይል፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን የከሰል ጽሕፈት በጣቱ ነካ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፦

«ሃምሳ ስምንት ብሎ የጻፈው ልጅ አንተ ነህ? ሰባ አራት ነው በለው ብሎኛል። ሁለቱ ቅንፍ ውስጥ ላሉት ሁሉ ነው፤ አንዷን እናት ረስተሃታል በለው።»