ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት አደራ

ለነፍስ አባቴ ብዙ ጊዜ ተናዝዣለሁ። ምላሴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም የበላሁትን ሁሉ። አንዱን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ፤ ባሌም ሳይሰማው ሞቷል። ለእናንተ የምነግረው ስለማታውቁኝ ይሆን? ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ይኸንንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ያኔ በንጉሡ ጊዜ፣ ሰበታ ውስጥ ከአምስት ልጆች፣ ከባሌ ሁለት እህቶችና ከማይለቅ ራስ ምታት ጋር እኖር ነበር። በቤቱ ውስጥ ስሜ ሳይጠራ የምቀመጥበት ጥግ አልነበረኝም። አንድ ቀን የባሌ አለቃ ሚስት ወልዳ ልጠይቃት ብሄድ፣ ለብቻዋ የምታርፍበት ክፍል አየሁ። ነጭ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ ሌላ ምንም የለም። ቅናት አንገበገበኝ። እኛም እኮ በጓሮ በኩል እህልና አሮጌ ዕቃ የሚታጎርበት ትርፍ ክፍል ነበረን።

ገንዘብ ግን የለም። እህሉን ወደ ጓዳ አዛወርኩ፣ ከአቡጀዲ መጋረጃ ሰፋሁ፣ የተሰበረ ወንበር አስጠግኜ ከጎረቤት በተረፈ ቀለም ቀባሁት። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እንደ ሰፈሩ ልማድ በጋዜጣ ልሸፍነው የዱቄት ሙጫ አፈላሁ፤ አሮጌ ጋዜጣ ባሌ ከሥራ ቦታው ያመጣልኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ለጠፍኩ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ጥግ ላይ ስደርስ ጋዜጣው አለቀ። ሙጫው ደግሞ እየደረቀ ነው።

እዚያው ክፍል፣ ሳጥን ውስጥ የኦቦ ጉርሜሳ ጥቅል ነበር። ኦቦ ጉርሜሳ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው ሣር ክዳን ነው፤ በዚያ ጊዜ ሣር ቤት የሚኖር ሰው ቁም ነገር ያለበትን ወረቀት ቆርቆሮ ቤት ላለው ጎረቤት አደራ ይሰጥ ነበር። "ቆርቆሮን እሳት አይበላውም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ" ብለው በጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝ ነው። ፈታሁት። ከትናንሽ ወረቀቶች መሀል አንድ ትልቅ፣ ጀርባው ንጹሕ ወረቀት አገኘሁ። ፊቱ በቀለምና በአውራ ጣት አሻራ ተዥጎርጉሯል። ማንበብ እችል ነበር፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። አላነበብኩም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ ለጠፍኩት። ጥጉም አማረ።

ሦስት ሳምንት ያህል በዚያ ክፍል ሰው ሆንኩ። ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ራስ ምታቴ እንኳን ተወኝ።

ከዚያ ኦቦ ጉርሜሳ መጡ። መሬቱን የሸጠላቸው ሰውዬ ሞቶ፣ ልጁ "አባቴ አልሸጠም" ብሎ ከሷቸዋል። በውሉ ላይ የፈረሙት ምስክሮች ሁሉ አልቀዋል። የቀራቸው ማስረጃ ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው። ይህን ሲነግሩኝ የት ነበርን? እዚያው ክፍል! እንዲያዩልኝ ብዬ የቀባሁት ወንበር ላይ አስቀምጫቸው፣ ጠላ አቅርቤላቸው። ውሉ ከትከሻቸው ጀርባ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

ጥቅሉን አመጣሁላቸው። ማንበብ ባይችሉም ወረቀታቸውን በመልኩ ያውቁታል፤ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ።

"ትልቁስ?" አሉኝ።

"የሰጡኝ ይኸው ነው፣ ኦቦ" አልኩ።

አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ምን ነበር ያስፈራኝ? ባሌ? የሰፈር ሐሜት? እነሱም አሉበት። መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው ግን ግድግዳው ነው። ወረቀቱን ላውጣ ካልኩ ጥጉን መቧጠጥ፣ ጭቃውን ማፍረስ፣ ክፍሌን ማበላሸት ሊኖርብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የሰውን እርሻ ከግድግዳ ጥግ ጋር መዘንኩና ጥጉን መረጥኩ። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ።

ኦቦ ጉርሜሳ ግንባራቸውን ያዙ። "እንግዲያ የጣልኩት እኔ ነኝ። እርጅና!" አሉ። ሲወጡ ደግሞ ዞር ብለው ግድግዳውን አዩና "ቤትሽ አማረ፣ ኢንተላ ኮ" ብለው መረቁኝ።

መሬቱን ተነጠቁ። ልጃቸው ቶሌራ እኔን ጠርጥሮ ሽማግሌ ሊልክብን ሲነሣ ተቆጥተው ያስቆሙት እሳቸው ናቸው፤ "እሷ አደራ አትበላም" ብለው። ይህን ባሌ በኩራት ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም፤ በሩ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ።

ኦቦ ጉርሜሳ ሱሉልታ ሴት ልጃቸው ዘንድ ተጠግተው ኖሩ። ሲሞቱ ለቅሶ ሄድኩ። ልጅቱ አቅፋኝ፣ "እስከ መጨረሻዋ ቀን 'ያን ወረቀት የት ጣልኩት' ይል ነበር" አለችኝ። ጮኼ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ የጎረቤት ፍቅር መሰለው።

በማግስቱ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ጥጉን አራስኩት። ትንሽ ቆይቼ ጫፉን ስስበው ሙሉው ተላቀቀ። ጭቃው አልፈረሰ፣ ጋዜጣው አልተቀደደ። ቀለሙ ደብዘዝ አለ እንጂ አሻራዎቹ ሁሉ ይታያሉ። ኦቦ ጉርሜሳ የዚያን ቀን ጠላቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ ላወጣው እችል ነበር።

ከዚያ በኋላም ዝም አልኩ። መሬቱ ስንት እጅ አልፏል፣ አሁን ለማን ይጠቅማል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ለቶሌራ ይጠቅማል፤ አባቱ ዝንጉ እንዳልነበሩ ያውቅበታል። ወረቀቱን ከዚህ ጽሑፍ ጋር እልክለታለሁ። ይቅር በለኝ ግን አልለውም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ራሱን ይቅር ሳይል ነው የሞተው።

ኦቦ ጉርሜሳ፣ ወረቀቱን አንቱ አልጣሉትም።