በሰም የተለካ ፍሬን

ከሙሐመድሸሪፍ ጋራዥ የሚወጣ መኪና አንድ ያልፈለገውን ተሳፋሪ ይጭናል፤ ተሳፋሪው ራሱ ሙሐመድሸሪፍ ነው። ፍሬን የሠራ ሰው ከሠራው ፍሬን ጋር የመጀመሪያውን ቁልቁለት መውረድ አለበት የሚል ሕግ ለራሱ ካወጣ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ሕጉን የጣሰው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሞጣ ውስጥ ዛሬ ሌሎች ጋራዦች ተከፍተዋል፤ በእነርሱ ዘንድ መኪና በግማሽ ቀን ይወጣል፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ጎማ የሚያዳምጥ ሽማግሌም የለም። ስለዚህ ደንበኛው እየሳሳ ሄዷል።

ዕድሜው ስድሳ አራት ነው። ባለቤቱ ሳብሪያ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል። አንዲት ልጁ ዘሚራ አዲስ አበባ አግብታ ትኖራለች፤ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ትደውላለች። ከዓርብ እስከ ዓርብ የሚያነጋግሩት ፍሬን የተበላሸባቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋራዡ ውስጥ ሁለት በርጩማዎች አሉ፤ በአንዱ እርሱ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከተቀመጠ ሰባት ዓመት ሆነው።

ያ በርጩማ የገላው ነበር። ገላው የቢቸና ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ባልንጀራው እንጂ ቅጥረኛው አልነበረም። የተገጠመ ጎማ ሲፈተሽ አንዱ ያዞራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ገላው ያዞር ነበር፤ ሙሐመድሸሪፍ ያዳምጥ ነበር። አሁን በግራ እጁ እያዞረ፣ አንገቱን አጉብጦ፣ ጆሮውን ወደ ጎማው አስጠግቶ ሁለቱንም ብቻውን ይሠራል።

ባለፈው ኅዳር ሙጀሂድ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ፒክአፑን ይዞ መጣ። የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ጭሶበት ደንግጧል። ፋብሪካው የሰጠውን ቸርኬ አስቀድሞ አውልቆ የሚያብረቀርቅ ባለአምስት ጣት ቸርኬ አስገጥሟል፤ አሁን ደግሞ ከዱሮው የሚሰፋ ዲስክና ዲስኩን የሚጨብጥ ወፍራም ካሊፐር ገዝቶ በካርቶን ይዟል።

«ጋሽ ሸሪፍ፣ ለነገ ይደርስልኛል?»

«ይህን የሸጠልህ ሰው ቸርኬህን አይቶታል?»

«በስልክ ፎቶ ልኬለታለሁ።»

«እንግዲያው ፎቶው ላይ ይግጠምልህ።»

ሙጀሂድ ሳቀ። «ሰው እርስዎን የሚሸሸው ወዶ አይደለም እኮ!»

«የሚሸሽ ሰው ፍሬን አያስፈልገውም። አንተ ግን መጥተሃል፤ ቁልፉን አስቀምጥ።»

ትልቅ ፍሬን ከሌላ ቸርኬ ጀርባ ማስገባት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቸርኬው በልክ ቁጥሩ ሰፊ ቢሆንም ጣቶቹ ወደ ውስጥ የጎበጡ ከሆነ ካሊፐሩን ይነካሉ፤ ጣቶቹ ቢርቁ እንኳ የቸርኬው የውስጥ ግድግዳ ሊነካው ይችላል። ጎማው ከታሰረ በኋላ ደግሞ በመካከላቸው መለኪያ አይገባም። ሙሐመድሸሪፍ ለዚህ ያገኘው መላ ሰም ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ከሚያበጁት ከጎረቤቱ ከእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ቁራጭ ሰም ይገዛል። በመዳፉ አልስልሶ በካሊፐሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ ጎማውን አስሮ አንድ ሙሉ ዙር ያዞራል፤ ከዚያም ያወልቅና የተጨፈለቀውን ሰም በምላጭ ቆርጦ ውፍረቱን ይለካል። ከሦስት ሚሊሜትር ካነሰ መኪናው አይወጣም። የተለካውን ሰም ታርጋውና ቀኑ በተጻፈበት ወረቀት ጠቅልሎ በብስኩቱ ቆርቆሮ ያኖረዋል።

የሙጀሂድ ሰም በመጀመሪያው ልኬት አንድ ሚሊሜትር ተኩል ሆነ። ሙሐመድሸሪፍ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከቸርኬው ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት አስቆረጠ፤ ረዘም ያሉ ቡሎኖች ፈለገ። በሦስተኛው ቀን ሰሙ በጣቶቹም በግድግዳውም በኩል አራት ሚሊሜትር ሞላ። «ነገ ጠዋት አብረን ዓባይ እንወርዳለን» አለና መኪናውን ለቀቀው።

በማግሥቱ ከከተማው ሳይወጡ ከፊት ቀኝ ጎማ ድምፅ ተሰማ፤ ደረቅ፣ በየዙሩ የሚመለስ።

«አቁም!»

ጎማው ወለቀ። ከቸርኬው የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ካሊፐሩ በሚያልፍበት መሥመር፣ አዲስ የባላንስ እርሳስ ተለጥፎበታል፤ ጎማው እንዳይንቀጠቀጥ የሚለጠፈው ክብደት ነው። ጠርዙ ተልጦ አብረቅርቋል።

«ይህ ትናንት አልነበረም» አለ ሙሐመድሸሪፍ።

«ማታ ጎማ ቤት ገብቼ ባላንስ አስደረግሁ። ይኼ ከፍሬኑ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ሙሐመድሸሪፍ ጎንበስ አለ። ካሊፐሩ ላይ የቀረውን ጭረት ይመለከት ነበር፤ የጥፍር ያህል ርዝመት አለው፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ይህን ጭረት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቶታል።

ሕጉን የጣሰባት ቀን ከሰባት ዓመት በፊት ዒድ ነበረች። ኃይለ ጊዮርጊስ የተባለ መምህር ትልቅ ፍሬን የተገጠመለትን መኪናውን በዚያው ዕለት ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ገላውም «አንተ ከቤተሰብህ ጋር ዋል፤ እኔ እወርድልሃለሁ» ብሎ በወዳጁ ፈንታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ቸርኬ ተሰነጠቀ፤ መኪናው ከተራራው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ቆመ። መምህሩ ምንም አልሆነም፤ የገላው የቀኝ እጅ አንጓ ግን ተሰበረ። ሙሐመድሸሪፍ በካሊፐሩ ላይ ያንን ጭረት አየ፤ ሰሙን አወጣ፤ አራት ሚሊሜትር። ሰሙ ልክ ከሆነ ቸርኬው የተንቀሳቀሰው ቡሎን ላልቶ ነው፤ ቡሎኖቹን ያጠበቀው ገላው ነው። ይህንንም በሞጣ መናኸሪያ፣ ሾፌሮች በተሰበሰቡበት፣ እጁ በጨርቅ የታሰረው ገላው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ ተናገረው። ገላው በሳምንቱ ወደ ቢቸና ተመለሰ።

ጋራዡ እንደ ደረሱ ሙሐመድሸሪፍ ቆርቆሮውን ከበርጩማው ላይ አነሣ። የመምህሩ መኪና ወረቀት ከታች ነበር። በገዛ እጁ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «ሰም፣ አራት ሚሊሜትር፣ ሰኞ። ጎማው ለባላንስ ተላከ፣ ማክሰኞ።» መኪናው የወጣው ረቡዕ ነው። ጎማውን የላከው እርሱ ነው፤ ከላከ በኋላ ዳግመኛ አልለካም። ሁሉን የሚጽፍ ሰው የጻፈውን አላነበበም።

የሙጀሂድን እርሳስ ካሊፐሩ ወደማይደርስበት ጠርዝ አዛወረ፤ እንደገና በሰም ለካ፤ ከዚያም አብሮት ዓባይ ድልድይ ድረስ ወረደ። ፍሬኑ ያዘ፤ ጭስም ድምፅም አልነበረም። ሙጀሂድ መንገዱን ቀጠለ፤ እርሱ በጭነት መኪና ደጀን ወጥቶ ከዚያ በሚኒባስ ቢቸና ገባ። የገላውን ቤት በጠየቀበት ሁሉ «እህል ሻጩን ነው?» ይሉት ነበር። መካኒኩን የሚያውቅ አልነበረም።

በሩን የከፈተችው የገላው ሚስት ውቢት ናት። «እሰይ! ሰባት ዓመት መንገዱ ተዘግቶብዎት ኖሯል?»

ገላው በጤፍ ጆንያዎች መካከል ተቀምጦ ነበር፤ አልተነሣም። ሙሐመድሸሪፍ ሰሙንና ወረቀቱን ጆንያው ላይ አኖረለት።

«ቡሎኑ አልላላም። የባላንሱ እርሳስ ነው። ጎማውን የላክሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«መኪናው ውስጥ የነበርሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ፤ እርሳሱ ተቆርጦ መሀል ሲገባና ቸርኬውን ሲሰነጥቀው ሰምቻለሁ። ልነግርህ ስመጣ ሰሙን አሳየኸኝ። ሰሙን ጠየቅህ፤ እኔን አልጠየቅኸኝም።»

«በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«የት? እዚህ፣ ለውቢትና ለጤፍ ጆንያ? እኔን የከሰስኸኝ መናኸሪያ ቆመህ ነው። ቃልህን ከጣልህበት አንሣው፤ ያነሣኸው ቀን ይቅር እልሃለሁ።»

«አነሣዋለሁ። ከዚያስ ትመጣለህ? በርጩማህ አለ።»

ገላው ያልቀናውን አንጓውን ከጋቢው ውስጥ አወጣ። «በዚህ ጎማ አይዞርም፤ መምጣቱን ተወው።»

ውቢት ሽሮ አቀረበች። «ጾም ላይ ነን፤ ሥጋ የለበትም፤ ይብሉ» አለች። ገላው በግራ እጁ ቆርሶ በላ። ሙሐመድሸሪፍ ዓይኑን ወደ ገበታው ጥሎ ሦስት ጊዜ ጎረሰና እጁን ታጠበ። ሲወጣ ማንም አልሸኘውም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በሞጣ መናኸሪያ፣ በቆመ አውቶቡስ ደረጃ ላይ ወጣ። ከዚህ በፊት ለሕዝብ የተናገረው ገላውን የከሰሰ ዕለት ብቻ ነው።

«ስሙኝ! ገላው ቡሎን አላላላም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሾፌሮቹ ዞር አሉ። ሁሉም ወጣቶች ናቸው። ሽታሁን የተባለው አንደኛው «ጋሽ ሸሪፍ፣ ገላው የየትኛው መኪና ሾፌር ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ሾፌር አይደለም፤ መካኒክ ነው። ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር።»

«እርስዎ ደግሞ ከሰው ጋር ሠርተው ያውቃሉ?» አለ ሌላው፤ ሳቅ ሆነ።

ሙሐመድሸሪፍ ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቀ፤ ከዚያም ስለ ቸርኬው፣ ስለ ሰኞውና ስለ ማክሰኞው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። አንዱ እያዳመጠ ተሳፋሪ ጠራ፤ ሁለቱ በመካከሉ ሄዱ። ገላው በተከሰሰበት ቀን ከነበሩት ሾፌሮች ከፊሎቹ ሞተዋል፤ ከፊሎቹ ወደ ሌላ መሥመር ተዛውረዋል። ክሱን ከሰሙት ሾፌሮች እዚህ የቆመ የለም፤ እነዚህ ደግሞ ስላልሰሙት ከልባቸው የሚነሣ ቃል የለም።

ከትኬት ቤቱ መስኮት አምሳለች ጠራችው። በዚህ መስኮት ሃያ ዓመት ተቀምጣለች።

«እኔ እዚሁ ነበርሁ ያን ቀን፤ ሰምቻለሁ። ያኔ በአንድ ቃል ነበር የጨረሱት።»

«አዎን።»

«ስልኩ አለኝ፤ ከቢቸና እህል ሲልክ እኔ ነኝ የምቀበለው። ተናገረልህ ብዬ ልደውልለት?»

ሙሐመድሸሪፍ ወደ መግቢያው ተመለከተ። ከአዲስ አበባ አዳሩን የመጣ አውቶቡስ ወደ ግቢው እየታጠፈ ነበር፤ ሾፌሩ ጠጉሩ የሸበተ፣ የዱሮ ሰው ነው።

«ቆዪ» አላት፤ «ገና አልጨረስሁም።»

ወደ አውቶቡሱም ሄደ።