መሬት የማይቀመጥ ዳቦ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሮተርዳም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምንጣፍ አንጥፌ የድሮ ማስታወቂያ እሸጥ ነበር። ዋናው ሸቀጤ ከመቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች ያተሙት የዳቦ ማስታወቂያ ነው። ጉንጫቸው የቀላ ልጆች፣ የጋጋሪው ድርጅት ስም ጎኑ ላይ የታተመበት ዳቦ፣ ከሥር ደግሞ «ይህ ዳቦ አጥንት ያጠነክራል» የሚል የሐኪም ምስክርነት። ውሸቱ ያስቀኛል፤ ፈረንጆቹም ለሳሎናቸው ይገዙታል።

ያኔ አባቴ ከወሎ ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሆግቭሊት ሠፈር ካለው ቤቴ ንቅንቅ አይሉም፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ዝም። ሁስአርትሱ፣ ማለትም የሠፈራችን ሐኪም፣ «ከሰው ካልተቀላቀሉ እየደከሙ ነው የሚሄዱት» ሲለኝ ደንግጬ ገበያ ይዣቸው መሄድ ጀመርኩ።

ምን ዋጋ አለው! በመጀመሪያው ቀን ዳቦ የተሣለበትን ወረቀት ሁሉ ከምንጣፉ አነሱና፣ ስመው ግንባራቸውን አስነክተው መኪናዬ ጣራ ላይ ደረደሩት። መሬት የወደቀ ዳቦ ሲያዩ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው፤ እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደጉኝ። ግን ይኼ ወረቀት ነው! እኔ አወርዳለሁ፣ እሳቸው ይሰቅላሉ። ዞር ባልኩ ቁጥር ምንጣፉ ላይ የሚቀረኝ የሳሙናና የጫማ ቀለም ማስታወቂያ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ ጎኔ የምትሸጠው ሴትዮ አረዳችኝ። ዞተርሜር ከሚባል ከተማ የመጣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለሱቁ ግድግዳ የዳቦ ማስታወቂያ ፈልጎ መጥቶ፣ ሳሙናውን ብቻ አይቶ ሄዷል።

«አባባ፣ ወረቀት እኮ ነው! ሥራዬን አበላሹት!» ብዬ ሰው መሃል ጮህኩባቸው።

«ዳቦ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አይቸዋለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እግሬን አሞኛል አሉ። ከዚያ በኋላ ባለውም እግራቸውን አመማቸው። ተመልሰው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። እኔ ብቻዬን ምንጣፌን ዘረጋሁ፤ የሚነካብኝም የለም፤ ገበያውም ደህና ነበር። ሆኖም አንዷን የዳቦ ወረቀት መሬት ባስቀመጥኩ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኛል። በሳቸውም በራሴም ተናደድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ታጣፊ ጠረጴዛ ገዝቼ ሳሎን ውስጥ ፊታቸው ዘረጋሁት።

«ይኸው፣ ከእንግዲህ መሬት አይቀመጥም።»

ተነስተው ቁመቱን በወገባቸው ለኩት።

«ዝቅ ይላል» አሉ።

ተናድጄ ላጥፈው ስል እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫኑ።

«ግድ የለም፣ ከሥሩ ጡብ እናደርግለታለን። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»